የቤት ድምፅ

«እንዲህ የሚባል ቦታ የለም» አለ ላፕቶፑ ላይ የተከፈተው ጥቁር መስኮት፤ አሁንም በእንግሊዝኛ፣ አሁንም ያለ አንዳች ርኅራኄ።

ልጅቷ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳችና ዓይኗን አሸች። ቦታውማ አለ። ፎልደሩ እዚያው ጎን ወለል ብሎ ይታያታል፤ «የአባዬ ድምፅ» ብላ ስም የሰጠችውም ራሷ ናት። በማውስ ስትነካው ይከፈታል። በጥቁሩ መስኮት ላይ ስሙን ጽፋ ይህን ውሰድልኝ ስትል ግን ፕሮግራሙ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ እንግዳ ይሆንባታል።

ከሚቀጥለው ክፍል የእናቷ የስፌት መኪና ይንቀጫቀጫል። እናቷ የተቀበለችው የዩኒፎርም ጨርቅ ተቆልሎ ሊወድቅባት ነው። ሰሞኑን ሥራዋ ወደ ኋላ የቀረው ለድምፅ ቀረጻው ሲባል መኪናውን ስታቆም ስለሰነበተች ነው። አባትየው ቁም ሳጥኑ ጥግ፣ ብርድ ልብስና ካፖርት በተንጠለጠለበት ጠባብ ቦታ ገብቶ ማይኩ ፊት ሲቀመጥ፣ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል።

ሰኞ የአባቷ ኦፕራሲዮን ነው። ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ያወጡታል፤ ከእሱ ጋር ድምፁም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አባቷ የሚናገረው ስልኩ ላይ እየጻፈ ይሆናል፤ ስልኩ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብለታል። የሚያነበው ድምፅ የማንም ድምፅ እንዳይሆንበት የሆስፒታሉ የንግግር ባለሙያ አንድ መላ ነገረቻቸው። ድምፁ ሳይጠፋ የሰጠችውን ዓረፍተ ነገሮች እያነበበ ይቀዳ፤ ከቅጂው የእሱን የሚመስል ድምፅ ይሠራለታል።

ቅጂው ግን ትልቅ ነው፤ በኢሜይል አይሄድም። ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ መግባት አለበት። ወደዚያ የሚያስገባው ፕሮግራም ደግሞ የሚነካ ምልክት የለውም፤ ጥቁር መስኮት ከፍተው ትእዛዝ ይጽፉለታል፤ የጻፉለትን ያደርጋል፣ ያልጻፉለትን አያደርግም። ነገ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሁሉም ካልገባ፣ ጉድለት ቢኖረው እንኳ ከሰኞ በፊት አይቶ የሚነግራቸው ሰው የለም።

«ማሽኑ የሚማረው የሰጣችሁትን ነው» ብላቸው ነበር ባለሙያዋ፣ ወረቀቱን ስታቀብላቸው። ወደ አባትየው ዞር ብላም፣ «እንደ ወትሮዎ ይናገሩ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች።

ያን ቀን ከሆስፒታል ሲመለሱ አባቷ ወረቀቱንም ላፕቶፑንም ለልጅቷ አስረከባት። በትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ ስላለች በእሱ ዓይን መሐንዲስ ናት። ማከማቻው በፈረንጅ አፍ «ባልዲ» እንደሚባል ስትነግረው ለረጅም ጊዜ አሰበና፣ «ስንት ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነገር በባልዲ ሊጋዝ ነው በይኛ» አለ። እናቷ ሳትስቅ ቀረች። ልጅቷ ስቃለት ነበር።

ባልዲው ላይ ለመድረስ ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ነው የጀመረችው። ፕሮግራሙን ጫነች። ባለሙያዋ የላከችላትን ቁልፍ ሲጠይቃት ሰጠችው፤ ቁልፍ የተባለው ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ነው። መጀመሪያ ስትገለብጠው የመጨረሻዋን ፊደል ስለጣለች መግባት አይቻልም አላት፤ አስተካክላ ስትመልስ ዝም አለ። በዚህ መስኮት ዝምታ ማለት እሺ ማለት እንደሆነ ቀስ በቀስ ገብቷታል። አሁን የቀረው መላኩ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይኸው፣ ቦታ የለም ይላታል።

ስልኳን አንስታ ኬብል ጋ ደወለች። ኬብል የክፍሏ ልጅ ነው፤ ስሙ የወጣለት ከኪሱ ሁልጊዜ የሆነ ሽቦ ስለሚንጠለጠል ነው።

«ፎልደሩን ማን ብለሽ ነው የጠራሽው?» አላት የሆነ ነገር እያኘከ።

ነገረችው።

«መሃሉ ላይ ክፍተት አለው ማለት ነው። እሱ እኮ ደነዝ ነው፤ ክፍተት ሲያይ ሁለት ስም ይመስለዋል። አሁን ‹የአባዬ› የሚባል ፎልደር ሲፈልግ ነው የሚውለው። ጥቅስ ውስጥ አስገቢው።»

በጥቅስ ውስጥ አስገባችው። ልትለቀው ጣቷን አነሳች።

«ስሚ፣ ሁሉንም አንድ ላይ እንዳትለቂው» አለ ኬብል። «አንዱን ላኪ፣ መልሰሽ አውርጂው፣ ከፍተሽ ስሚው። እዚያ ደርሶ የተበላሸ እንደሆነ ትርፉ ድካም ነው።»

ምክሩ ደህና ስለነበር ሰማችው። አንድ ፋይል እንደመጣላት መርጣ ላከች። ከላፕቶፑ ወጥቶ ወዴት እንደሆነ ወደማታውቀው ቦታ ሄደ። መልሳ ጠራችው፤ መጣ። ማዳመጫውን በጆሮዋ ሰክታ ከፈተችው።

አልተበላሸም። ኩልል ያለ ነው።

«ቁርስ፣ በልተሻል» አለ አባቷ።

ቃላቱ እኩል እኩል ተራምደው መጡ። እያንዳንዱ ፊደል ተወልውሏል። መጨረሻው ላይ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ፤ አባቷ መናኸሪያ ውስጥ የበር ቁጥር ሲጠራ እንደሚያደርገው።

አባቷ የመናኸሪያው ድምፅ ነው። እሷ ሳትወለድ ጀምሮ አውቶቡስ የሚነሳውም የሚዘገየውም እሱ ሲናገር ነው። «ክቡራን መንገደኞች» ብሎ ሲጀምር፣ ያንቀላፋ ሰው ነቅቶ ሻንጣውን ያቅፋል። ሱቅ ገብቶ ሳሙና ሲጠይቅ ባለሱቁ ቀና ይልና «በየትኛው በር ነው የምሳፈረው ጌታዬ?» ይለዋል። አባቷ ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ አንድም ቀን ግን ሳይስቅ አልወጣም።

ልጅቷም መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቁርስ በልቶ የሚነሳ አውቶቡስ ያለ መሰላት። ሁለተኛ ፋይል ከፈተች። «ደህና፣ እደሪ።» ሌላ። «ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም።» ሌላ። «እወድሻለሁ።» ሁሉም ያው ነው። ሁሉም ከድምፅ ማጉያ፣ ከከፍታ፣ ለማንም ለሁሉም የተነገረ ነው።

ሳቋ የት እንደሄደ አላወቀችም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አጥታው አይደለም። በመጀመሪያው ቀን አባቷ ወረቀቱን ይዞ ሲጀምር እየተደነባበረ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የሚያነበው። «አባዬ፣ እንደሱ አይደለም» ያለችው እሷ ናት። «እንደ መናኸሪያው አድርገው እስቲ።» አባቷ ፈገግ አለ። ሸሚዙን በኮሌታው በኩል አስተካከለ፣ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወገቡን አቀና፤ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ድምፅ ከብርድ ልብሶቹ መሃል ወጣ። እሷ በኩራት አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ፤ ኮሌታው፣ ጉሮሮው፣ ወገቡ። የእሱን ድምፅ እያዳኑ መስሏቸው ነበር።

ልቆርጠው ብላ የረሳችው አንድ ፋይል ነበር። ማይኩን ዘግይታ ያጠፋችበት ነው። ከፈተችው። «ዛሬ፣ ዝናብ የሚጥል ይመስላል» አለ መናኸሪያው። ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። ረጅም ትንፋሽ። ቀጥሎም ትንሽ የሻከረ፣ ትንሽ የሰነፈ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ድምፅ፦

«ኡፍ… ቁንጫ፣ አለቀልን ወይስ ገና ነን? ውሃ አቀብይኝ እስቲ።»

ቁንጫ የሚላት እሱ ብቻ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማትችል ሕፃን ስለነበረች ያወጣላት ስም ነው፤ ሰው ፊት ሲጠራት መሬት ብትውጣት ትመርጣለች። መልሳ አስጀመረችው። ውሃ አቀብይኝ እስቲ። እንደገና። ውሃ አቀብይኝ እስቲ።

ከሰኞ በኋላ ስልኩ ላይ «ውሃ አቀብይኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ስልኩም ለክቡራን መንገደኞች ያስታውቅለታል። ሲቆጣትም፣ ሲያባብላትም፣ የእናቷን ጨርቅ ረግጦ ይቅርታ ሲጠይቅም።

ኬብል አሁንም ስልኩ ላይ ነበር። የሆነውን ነገረችው።

«የራሱ ድምፅ አይደል እንዴ?» አላት። «ከተማው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። አታካብጂ በናትሽ። ላኪውና ተገላገይ።»

የተናገረው ውሸት አልነበረም። ቻው ብላ ዘጋችው።

የስፌት መኪናው ቆመ። እናቷ በአንገቷ ላይ የተጠመጠመውን ሜትር እየፈታች በር ላይ ታየች፤ አለቀ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ መላኩ ብቻ እንደቀረ ነገረቻት።

«እፎይ» አለች እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ። ፊቷ ሰሞኑን ከስቷል። «ከእንግዲህ አንዲት ቃል እንዳታስወጪው። ትናንት ሾርባ ሲውጥ አይቼዋለሁ፤ ዞር ብሎ ነው የዋጠው፣ እንዳላየው ብሎ።» ሜትሩን በእጇ ጠቀለለች። «አንቺ ባትኖሪ ይሄን ማን ያደርገው ነበር?» አለችና ተመልሳ ሄደች። መኪናው እንደገና መንቀጫቀጥ ጀመረ።

ልጅቷ ትእዛዙን ጻፈች። ፎልደሩ በጥቅስ ውስጥ፣ የባልዲው ስም፣ ሁሉም በቦታው። የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ጠቋሚው በመስመሩ ጫፍ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አይቸኩልም፣ አይለምንም። ብትጫነው ማንም አይወቅሳትም። ባለሙያዋም እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ድምፁን ከዚህ በፊት የምታውቀው በመናኸሪያ ነው። እናቷ እፎይ ትላለች። አባቷ ሰምቶት ይኮራበታል።

ትዝ ያላት ያኔ ነው። በቤታቸው እየተሳቀ የሚወራ ነገር ነው። ትንሽ ልጅ ሆና መናኸሪያ ውስጥ ጠፍታለች። አባቷ ማይኩን ይዞ ቀይ ሹራብ የለበሰች ሕፃን ያየ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ያምጣልን ብሎ ደጋግሞ አስታወቀ። እሷ አንድ የቆመ አውቶቡስ ጎማ ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። ቀይ ሹራብ የለበሰችው ልጅ አሳዝናታለች። እናቷ ይህን ስትናገር ነው ሰው ሁሉ የሚስቀው። የሚናገረው ሰው አባቷ እንደሆነ ግን ከቶ አልመጣላትም።

ልጅቷ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነች። የባልዲው ስም ሄደ። ፎልደሩ ሄደ። መስመሩ ባዶ እስኪሆን ድረስ ጣቷን አላነሳችም።

ከዚያ ለባለሙያዋ አጭር መልእክት ጻፈች፦ ያነበበው በሥራ ድምፁ ነው፣ በቤት እንዲህ አይናገርም፣ ከወረቀቱ ውጪ ዝም ብሎ ሲያወራ ብንቀዳው ይሆናል ወይ። መልሱ ማዳመጫውን ጠቅልላ ሳትጨርስ መጣ። «ይሆናል። ጥቂትም ቢሆን ይጠቅማል፤ ሲደክማቸው አቁሙ። እስከ ነገ እኩለ ቀን እጠብቃለሁ።»

አባቷ በረንዳው ላይ ነበር። ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን ይወለውላል። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ሄዳ፣ ብርሃኑ እስከ ጉልበቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል።

«ለሆስፒታል ጫማ ይወለወላል እንዴ?» አለችው አጠገቡ እየተቀመጠች።

በብሩሹ ወደ ጫማው አመለከተና ትከሻውን ነቀነቀ። ሐኪሙ ድምፅህን ቆጥብ ስላለው የሚችለውን ሁሉ በእጁ ነው የሚናገረው።

አንዱን ማዳመጫ ለእሱ ሰጠችው፣ ሌላውን ራሷ ያዘች። እወድሻለሁ የሚለውን ከፈተችለት። አባቷ ራሱን ዘንበል አድርጎ እንደ ባለሙያ አዳመጠ፤ ሲያልቅም አውራ ጣቱን ቀሰረላት። ልጅቷ ከዚህ ቀደም ድምፁን የተቸው ሰው እንዳለ አታውቅም። የዝናቡን ፋይል ከፈተችና እስከ መጨረሻው እንዲሄድ ተወችው።

ውሃ አቀብይኝ እስቲ።

የአባቷ ብሩሽ ቆመ። መልሺው አላት በጣቱ። መለሰችው። ደግሞ እወድሻለሁ የሚለውን ጠየቃት፤ እሱንም አሰማችው። ብሩሹን ጫማው ውስጥ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ መንገዱን አየ። በመንገዱ ላይ አንዲት ሴት ዣንጥላዋን እያጠፈች ታልፋለች።

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከጫማው ሳታነሳ። «መናኸሪያ የጠፋሁ ቀን፣ መጨረሻ ላይ እንዴት ነው ያገኘኸኝ?»

እናቷ ሁልጊዜ ወሬውን የምታቆመው ከመጨረሻው በፊት፣ ሰው ሲስቅ ነው።

የአባቷ ድምፅ ሲወጣ ዝቅ ያለ፣ እንደ አሸዋ የሻከረ ነበር።

«ጨነቀኝ» አለ። «ማይኩ ክፍት መሆኑን ረሳሁት። ‹ኧረ ቁንጫ፣ የት ገባሽብኝ› አልኩ፤ ለራሴ ነው ያልኩት። መናኸሪያው ሙሉ ሰማ።» ዋጠ፤ ሲውጥ ዓይኑን ጨፈነ። «ከዚያ እየሮጥሽ መጣሽ።»



«እኔ ነኝ እንደዚያ አንብበው ያልኩህ» አለች ልጅቷ። «ያንን ድምፅ ስለምኮራበት ነው። አሁንም እኮራበታለሁ። ግን…»

«ግን ቤት አይገባም» አለ አባቷ።

ይህን ሲል አልተቀየመም። ጫማውን አንስቶ ከጎኑ አስቀመጠው፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ልጅቷ ባለሙያዋ የመለሰችላትን አነበበችለት፤ እንደሚያመው እንደምታውቅ፣ አልፈልግም ቢል ያለውን እንደምትልክ ነገረችው። እውነቷን ነበር። ይህን ብቻዋን መወሰን አልቻለችም፤ ፋይሉ የእሷ ቢሆንም ጉሮሮው የእሱ ነው።

አባቷ ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ስትከተለው ቁም ሳጥኑ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ማይኩን አበራች፤ ትንሿ ቀይ መብራት ቦግ አለች።

እናቷ ከሚቀጥለው ክፍል፣ ምን ልታደርጉ ነው፣ አላልኩም ወይ ብላ ተጣራች። አባቷ ወደ ልጅቷ አየ። ልጅቷ ወደ በሩ ሄዳ በዝቅተኛ ድምፅ ነገረቻት፤ የተቀዳው ሁሉ የመናኸሪያው ሰውዬ እንደሆነ፣ የእሷ ባል እዚያ ውስጥ እንደሌለ። እናቷ ጨርቁን በመርፌው ሥር እንደያዘች ቀረች። እጇ ላይ ያለውን ስፌት አልጨረሰችውም። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች፤ መኪናው ቆመ።

ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ።

«ምን ልበል?» አለ አባቷ። እጁ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ነበር፤ ልጅቷ ግን ቀድማ አነሳችውና ገልብጣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ላፕቶፑ ላይ ሻይ የደፋሁ ቀን ምን አልከኝ?»

አባቷ አሰበ። ፊቱ ላይ የመጣውን ፈገግታ ሊደብቅ ሞከረ። እጁ በልማድ ወደ ኮሌታው ተነሣ፤ መንገድ ላይ ቆመና ጉልበቱ ላይ ተመልሶ አረፈ። ጉሮሮውን አልጠረገም። ወገቡን አላቀናም፤ እንዲያውም ወንበሩን ለጠጥ ብሎ ተደገፈው።

«አንቺ ቁንጫ» አለ።

ልጅቷ መልስ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ፣ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። እንዲቀጥል ጠበቀችው።